«ቢጫ» በለኝ፣ ማሙሽ!

የሰፈር ጓደኞቼ ሰሞኑን «ሞግዚቱ» እያሉ ይቀልዱብኛል። ይበሉ! እህቴ ሠራተኛ ለመቅጠር ደመወዟ አልደርስ ስላላት፣ እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ስለምጽፍ የ2 ዓመት ልጇን በየጠዋቱ ታስረክበኛለች። አደራው ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ልጁ አፉን አልፈታም። «ስልክ ብቻ እንዳትሰጠው!» ብላኛለች።

እውነቷን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ በዚህ ዕድሜ ስክሪን ማየት በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ፣ ቢቀንስም ይሻላል ይላል። ታዲያ በአንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ቀኑን በምን እንግፋው?

ደግነቱ መስከረም ነው። አደይ አበባ ጣሳ ውስጥ አስቀምጬ «ቢጫ!» እላለሁ፤ እሱ ቢጫ ክዳን፣ ቢጫ ካልሲ ፈልጎ ያመጣል። የበቆሎ እሸቱን እሱ ይልጣል፤ ጥብሱን እኔ እበላለሁ። (ፍሬው ሕፃን ትን ስለሚያስብል ከእጁ አርቁት።) ቆረቆንዳውን በተበጠበጠ እርድ ነክረን ካርቶን ላይ ስናንከባልለው ሥዕል ይወጣዋል። አሮጌ ልብስ አልብሱት እንጂ እርድ በቀላሉ አይለቅም!

ዋናው ግን መጫወቻው ሳይሆን ወሬው ነው። የያዘውን ስሙን እነግረውና ዝም ብዬ እጠብቀዋለሁ። በጣቱ ቢጠቁመኝም መልስ ነው። ባለፈው ሐሙስ ካልሲዬን አንስቶ «ቢ!» አለኝ። እህቴ ማታ እስኪደግመው ብትጠብቅ ወይ ፍንክች!

ጨዋታ ሐኪምን አይተካምና ቀጠሮ አስይዘናል። እናንተም አደዩ ሳይረግፍ ልጆቻችሁን አጫውቱ። ቸር ሰንብቱ!