የአሮጌው ሽንት ቤት ጉዳይ

ስለ ሽንት ቤት መጻፍ አሳፋሪ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ያለ ጦሃራ ሶላት እንደሌለ የምናውቅ ቤተሰቦች፣ ጦሃራ የሚጀመርበትን ክፍል ችላ ማለት አይገባንም።

አዋሽ ሰባት ኪሎ የተከራየነው ቤት ሽንት ቤቱ የድሮ ነው። የውሃ ማጠራቀሚያው ከራስ በላይ ተሰቅሎ በሰንሰለት ይሳባል፤ አንድ ጊዜ ሲሳብ 9 ሊትር ያህል ይፈጃል። እኛ 6 ነን። እያንዳንዳችን በቀን 3 ጊዜ ብንጠቀም 162 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከ8 በላይ ይጠፋል። ቧንቧው በሚቋረጥበት ቀን ይህን ያህል ውሃ ገዝቶ ማፍሰስ ከአቅማችን በላይ ሆነ።

አከራያችን ሐጂ «አፍርሱትና ተራ ጉድጓድ ቆፍሩ» አሉን። አብረውን የሚኖሩት እናታችን ግን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቁጢጥ ማለት አይችሉም። «ልጆቼ እየደገፉ ሊያስቀምጡኝ ነው?» ብለው አንገታቸውን ደፉ። ስለዚህ መቀመጫውን አልነካንም፤ ማጠራቀሚያውን ብቻ ዘግተን ባልዲና ጆግ አስቀመጥን። ለሽንት 2 ሊትር፣ ለሌላው 5 ሊትር በአንድ ጊዜ ከፍ አድርጎ መድፋት ይበቃል። በዚህ ስሌት የቀኑ ፍጆታ ወደ 54 ሊትር ወረደ።

ይሁንና ትልቁ ችግር ከግድግዳው ወዲያ ነበር። በጓሮ ያለው ሴፕቲክ ታንክ ሞልቶ፣ ትርፉ በክፍት ቦይ ወደ ፈፋው ይወርዳል። ፈፋው ደግሞ ዝናብ ሲጥል ወደ አዋሽ ወንዝ ይገባል። ሐጂን ስንጠይቃቸው «ጎርፍ ይወስደዋል» አሉን።

ወዴት ይወስደዋል? አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል እንጂ ባሕር አይደርስም፤ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ከእኛ በታች ገዋኔ፣ ዱብቲና አሳይታ አሉ። ከወንዙ የሚጠጣ አርብቶ አደርና ግመሉ አለ። ከሴፕቲክ ታንክ የሚወጣው ውሃ ጠጣሩ ስለዘቀጠ የጠራ ቢመስልም፣ የኮሌራና የታይፎይድ ተሕዋስያንን ሊይዝ ይችላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በውሃ መቅጃ፣ በመንገድና ሰው በሚያርፍበት ጥላ ሥር መጸዳዳትን አጥብቀው ከልክለዋል። ነጃሳችንን በቦይ ወደ መቅጃው መላክስ ከዚህ በምን ይለያል?

ይህን ለሐጂ አንስተን፣ ልጆች የሚጫወቱበትን ቦይ ወስደን አሳየናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው «ከኪራዩ ላይ ቀንሱና አሠሩት» አሉን። አላህ ይስጣቸው። ታንኩን በፍሳሽ መጣጭ መኪና አስመጠጥን፤ ቦዩን ደፈንን፤ ከማንኛውም የውሃ ጉድጓድ ከ30 ሜትር በላይ ርቆ ድንጋይ የተሞላ ማስረጊያ ጉድጓድ አስቆፈርን። በረኪናም በብዛት አንደፋም፤ ታንኩ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል።

በኋላ ሰመራ ያለች እህታችንን ልንዘይር ሄደን የእሷን ተመለከትን። መሬቱ አለት ስለሆነ ጉድጓዱ ጥልቅ አይደለም፤ ዙሪያው በድንጋይ ተገንብቶ ወለሉ ከመሬት ከፍ ብሏል። ከጀርባው ረጅም ቱቦ ቆሞ አናቱ በወንፊት ተሸፍኗል። ነፋስ ሽታውን በቱቦው ይስበዋል፤ ቤቱ ጨለም ስለሚል ከጉድጓዱ የሚነሳው ዝንብ ብርሃን ወዳለበት ወደ ቱቦው ጫፍ ወጥቶ ወንፊቱ ላይ ይቀራል። ይህን ዘዴ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዛሬዋ ዚምባብዌ ያወጣው ፒተር ሞርጋን የተባለ ተመራማሪ ነው። ማፍሰሻ ውሃ ጨርሶ አይፈልግም።

የአፋር አባቶች ከሰፈር ርቀው ይጸዳዱ ነበር። ከብት ተከትሎ ለሚንቀሳቀስ፣ ምድሩም ሰፊ ለሆነለት ሕዝብ ይህ ያስኬድ ነበር። ከተማ ገብተን ግድግዳ ለግድግዳ ከተጎራበትን ወዲህ ግን «ራቅ ያለ ቦታ» የሚባለው የሌላ ሰው ደጃፍ ሆኗል።

ስለዚህ ውድ ቤተሰቦች፣ ሽንት ቤታችሁ አሮጌ በመሆኑ ብቻ ለማፍረስ አትቸኩሉ፤ አዲስ በመሆኑም አትዘናጉ። ወደ ጓሮ ዞር በሉና የሚወጣው ነገር የት እንደሚያርፍ በዓይናችሁ እዩ። እኛ ንጹሕ ሆነን ለሶላት የምንቆመው ጎረቤታችንን አቆሽሸን መሆን የለበትም። አላህ ውስጣችንንም ውጫችንንም ያጥራልን፤ አሚን።