የእናቴ ዕቁብና የእኔ አምፕሊፋየር

በዚህች ጽሑፍ የማጫውታችሁ አንድ ዕቃ እንዴት እንደ ገዛሁ ነው። ዕቃው ለኤሌክትሪክ ጊታር የሚሆን ባለ ቲዩብ አምፕሊፋየር ነው። ምናልባት ከመካከላችሁ «ጊታር የማይመታ ሰው ይህን ማወቁ ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን የጊታር ብቻ አይደለም፤ በጥቂት ገንዘብ፣ ያውም በሌላ ሰው ድካም በተገኘ ገንዘብ፣ አንድ ነገር ለመግዛት የተነሣን ሰው ሁሉ የሚመለከት ነው።

በ2017 ዓ.ም. የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ጊታሬን አጎቴ በስጦታ ሰጥቶኛል፤ አምፕሊፋየር ግን አልነበረኝም። በትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ ስንለማመድ ጊታሩን ከቤት ባመጣሁት አሮጌ ቴፕ ላይ እየሰካሁ እጫወት ነበር። ድምፁ ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ንብ ይመስል ስለ ነበር ጓደኞቼ ይስቁብኝ ነበር፤ እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ ነገር ግን ከልቤ አልነበረም።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። በዚያው ዓመት በጥር ወር ዕቁብ ደረሳት። በገንዘቡ የኦቨርሎክ መኪና ልትገዛ ሁለት ዓመት ሙሉ ስታስብ እንደ ኖረች አውቃለሁ፤ የልብሱን ጠርዝ ለማስዘምዘም ወደ ሰው ቤት እየተመላለሰች ለእያንዳንዱ ልብስ ትከፍል ነበርና። እኔ ደግሞ የሰፈር ሕፃናትን ሒሳብ እያስጠናሁ ያጠራቀምሁት 15 ሺህ ብር ነበረኝ። አንድ ማታ ከዕቁቡ ገንዘብ 75 ሺህ ብር ቆጥራ አስጨበጠችኝና፣ «ዕዳ አይደለም፤ ሰጥቼሃለሁ። ነገር ግን የመኪናዬ ገንዘብ መሆኑን አትርሳ» አለችኝ። በዚያች ሌሊት ደስታና ፍርሃት እየተፈራረቁብኝ እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ። በእጄ የነበረው ጠቅላላ ገንዘብ 90 ሺህ ብር ነበረ።

ለምን ባለ ቲዩብ እንደ ፈለግሁ ላስረዳ። ቲዩብ ማለት በአሮጌ ሬዲዮኖች ውስጥ እንደ ትንሽ አምፖል ቀላ ብሎ የሚታየው የብርጭቆ ዕቃ ነው። በውስጡ አየር የለም። አንዱ ክፍሉ ሲግል ኤሌክትሮኖችን ይለቃል፤ በመካከል ያለችው እንደ ወንፊት ያለች ሽቦ ከጊታሩ የሚመጣውን ደካማ ምልክት እየተቀበለች የኤሌክትሮኖቹን ጉዞ አንድ ጊዜ ትገታለች፣ አንድ ጊዜ ትለቃለች፤ በዚህ ሁኔታ ደካማው ምልክት ብርቱ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ቲዩብ አሜሪካዊው ሊ ደ ፎረስት የሠራው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ትራንዚስተር ከመጣ በኋላ ቲዩብን ተዉት፤ ጊታር መቺዎች ግን አልተዉትም። ምክንያቱም ቲዩብ ከዐቅሙ በላይ ሲሠራ ድምፁ በድንገት አይሰነጠቅም፤ ቀስ በቀስ እየሻከረ ይሄዳል። ጣት ሲቀልለው ይጠራል፣ ጣት ሲጫነው ይሻክራል። ለትዝታም ለጭፈራም በአንድ ዕቃ መገልገል የሚቻለው በዚህ የተነሣ ነው።

በሰፈራችን በሰዓት እላፊው ዘመን በሆቴል ቤቶች እስኪነጋ ድረስ ጊታር ሲመቱ ያድሩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። እኛ ልጆቹ «ጋሼ» እንላቸዋለን። ከመግዛቴ በፊት እርሳቸውን ለማማከር ሄድሁ። «ጋሼ፣ ለሁሉም የሚሆን አምፕሊፋየር እፈልጋለሁ» አልኋቸው። እርሳቸውም፣ «ሁሉም ማለት ምን ማለት ነው? ቁጠርልኝ» አሉኝ። እኔም ቆጠርሁ፦ ትዝታና አምባሰል በጥሩ ድምፅ፣ ባቲና አንቺ ሆዬ በመጠኑ በሻከረ ድምፅ፣ የሠርግ ዘፈን በፈጣን ምት፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ሮክ፤ ቦታው የቤታችን ጓዳ፣ የክበቡ ክፍልና የትምህርት ቤቱ አዳራሽ። «መልካም፤ እንግዲህ የምትፈልገውን ዐውቀሃል። አብዛኛው ሰው ግን የማይፈልገውን ሁሉ ገዝቶ የሚፈልገውን ያጣል» አሉኝ።

በመጀመሪያ ያየሁት በአንድ ሱቅ ውስጥ የነበረ ባለ 40 ዋት ትልቅ አምፕሊፋየር ነው። ቁልፎቹ ብዙ ናቸው፤ ፊቱ ያብለጨልጫል፤ ዋጋው 88 ሺህ ብር። ሳየው ልቤ ተሰቀለ። ከመድረክ ላይ ከኋላዬ ተቀምጦ፣ ጓደኞቼ እያዩት በዐይነ ኅሊናዬ ታየኝ። ሲከፍቱልኝ ግን የድምፁን ቁልፍ ከ2 በላይ ለማድረስ አልተቻለም፤ ባለ ሱቁ ጆሮውን ያዘ። በዚያ ልክ ሲጫወቱት ድምፁ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቲዩቦቹ ገና አልሠሩምና የምመኘው ሻካራ ድምፅ አይወጣም። እንኳን በጓዳችን፣ በክበቡ ክፍልም ቢሆን ቁልፉን ከፍ ማድረግ የሚቻል አይደለም።

ይህን ለፊዚክስ መምህራችን ባጫውታቸው ጠመኔ አንሥተው በሰሌዳ ላይ ሒሳቡን አሳዩኝ። የዋቱ ቁጥር እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሯችን «እጥፍ ጮኸ» እንዲል ግን 10 ዴሲቤል ያህል፣ ማለትም ዐሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ በ15 ዋትና በ40 ዋት መካከል ያለው ልዩነት ከ4 ዴሲቤል ጥቂት ቢበልጥ ነው። እኔ ትልቁ ከትንሹ ሦስት እጥፍ ሊጮኽ ጥቂት የሚቀረው ይመስለኝ ነበር።

ጋሼም ሌላውን ምክንያት ነገሩኝ። በቀድሞ ጊዜ የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ለዘፋኙ እንኳ የማይበቃ ስለ ነበር ጊታሩ አዳራሹን በራሱ አምፕሊፋየር መሙላት ነበረበት። የእንግሊዙ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1965 ባለ 100 ዋት የሠራው «ዘ ሁ» የተባለው ቡድን ከዚያ በፊት የነበረው አላደርስ ብሎት ስለ ጠየቀ ነው። ዛሬ ግን በትንሹ አምፕሊፋየር ፊት ማይክሮፎን ማቆም ይበቃል፤ አዳራሹን የሚሞላው የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ነው። ትንሽ ማለት የማይረባ ማለት አይደለም፤ ሬዲዮ ጠጋኝ የነበረው ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ ለተማሪ የሚሆኑ ትንንሽ አምፕሊፋየሮች ይሠራ ነበር፤ ታዋቂው ኤሪክ ክላፕተንም እ.ኤ.አ. በ1970 «ሌይላ» በተባለው አልበም ላይ የተጠቀመው እንደዚያ ባሉ ትንንሾች ነው።

ጥቂት ቆይቶ ከአሜሪካ የተመለሰ አንድ ሰው ያገለገለ «ፌንደር ብሉስ ጁኒየር» እንደሚሸጥ ሰማሁ። ይህ ዓይነት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን 15 ዋት ነው። ለማጉላት «ኢኤል 84» የሚባሉ ሁለት ቲዩቦች፣ ለመግቢያው «12 ኤኤክስ 7» የሚባሉ ሦስት ቲዩቦች፣ አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከርና ድምፁን እንደ ገደል ማሚቶ የሚያስተጋባ ሪቨርብ አለው። ክብደቱ 14 ኪሎ ያህል ስለ ሆነ በታክሲ ይጓዛል። ጋሼን እግራቸውን አሟቸው ስለ ነበር አብረውኝ ሊሄዱ አልቻሉም፤ ነገር ግን ስድስት ነገሮች በወረቀት ላይ ጽፈው ሰጡኝ። ለሚፈልግ እንዲጠቅም እንዳለ እጽፈዋለሁ።

፩ኛ፤ ጊታሩን ሳትሰካ አብርተህ አዳምጥ፤ ጥቂት እዝታ ደንብ ነው፣ ብዙ ጩኸት ግን በሽታ ነው።
፪ኛ፤ ቁልፎቹን ሁሉ አንድ በአንድ አዙር፤ ቢንኮሻኮሹ አቧራ ነው፣ ይጠረጋል።
፫ኛ፤ ቲዩቦቹን በእርሳስ ጫፍ ቀስ ብለህ ነካ ነካ አድርግ፤ እንደ ደወል የሚጮኽ ካለ ለመለወጥ ደርሷል፤ ከዋጋው አስቀንስ።
፬ኛ፤ ግማሽ ሰዓት ተጫወት፤ ብዙ ሕመም የሚታየው ሲግል ነው።
፭ኛ፤ ድምፁን ከፍ አድርገህ በጣትህ ብቻ አጥራው፤ ከዚያም ጫን ብለህ አሻክረው። ይህን የሚታዘዝህ ከሆነ ለሁሉም ይሆንሃል።
፮ኛ፤ ከጀርባው የተጻፈውን አንብብ።

ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ ጋር ሄጄ አምስቱን በትክክል ፈጸምሁ። አንዱ የመግቢያ ቲዩብ ሲነካ ስለ ጮኸ ከ67 ሺህ ወደ 64 ሺህ ብር ወረደልኝ። የድምፁ ቁልፍ ከግማሽ በላይ ሳለ ትዝታን በቀስታ ስመታ ጠራ፤ ባቲን ጫን ብዬ ስመታ ሻከረ። ሰውነቴን ወረረኝ። ከደስታ የተነሣ ስድስተኛውን ረሳሁ።

እቤት ደርሼ ሶኬቱ ከግድግዳው ጋር አልገጥም ቢለኝ ማገናኛ ፈልጌ አገኘሁ። ልሰካው እጄን ስዘረጋ እናቴ ከመኪናዋ ላይ ቀና ብላ፣ «ቆይ! ከአሜሪካ ነው የመጣው አላልክም? ከጀርባው የተጻፈውን አንብበሃል?» አለችኝ። የጋሼን ወረቀት አይታ አታውቅም። ነገር ግን ከዓመታት በፊት እኅቷ ከአሜሪካ የላከችላት ካውያ በተሰካበት ዕለት ጭሶ ተቃጥሎባት ነበር። አዙሬ ባየው «120 ቮልት፣ 180 ዋት» ይላል። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው። ሻጩ ትራንስፎርመር በጠረጴዛው ሥር አድርጎ ያሠራው ስለ ነበር አላየሁም፤ ምናልባትም ነግሮኝ ይሆናል፣ እኔ ግን አልሰማሁም። መምህራችን በኋላ እንዳሰሉት፣ በ6.3 ቮልት መጋል የሚገባቸው ቲዩቦች ከ11 ቮልት በላይ ይደርሳቸው ነበር። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ እኔ ግን የምለቅመውም አይኖረኝም ነበር። በዚያች ሰዓት ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ የታየኝ አምፕሊፋየሩ አይደለም፣ የእናቴ የኦቨርሎክ መኪና ነው።

በማግሥቱ በመርካቶ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ባለ 500 ዋት ትራንስፎርመር በ6 ሺህ ብር ገዛሁ። 15 ዋት ድምፅ የሚሰጠው ዕቃ 180 ዋት መብላቱ አያስገርማችሁ፤ አብዛኛው በቲዩቦቹ ሙቀት ያልቃል። ትራንስፎርመሩም በዐቅሙ ልክ ሳይሆን ከዐቅሙ በታች ሊሠራ ይገባዋልና ተለቅ ያለውን መረጥሁ። መብራት ሲጠፋም ወዲያው ከግድግዳው እነቅለዋለሁ፤ ሲመለስ አንዳንዴ ብርቱ ሆኖ ይመጣልና። ክዳኑን ግን ለመክፈት አልደፍርም፤ ከተነቀለ በኋላም ቢሆን በውስጡ ሰው የሚገድል ኃይል ተጠራቅሞ ሊቆይ ይችላል። ስፒከሩ ሳይያያዝም አይበራም፤ መውጫ ትራንስፎርመሩን ያበላሻል።

ለአምፕሊፋየሩ 64 ሺህ፣ ለትራንስፎርመሩ 6 ሺህ፣ ለአዲሱ ቲዩብ 4 ሺህ፤ በድምሩ 74 ሺህ ብር ወጣ። የተረፈውን 16 ሺህ ብር ለእናቴ መለስሁላት። «ሰጥቼህ ነበር እኮ» ብላ ልትገፋው ቃጣት፤ በኋላ ግን ተቀብላ በመሐረብዋ ቋጠረችው። ትልቁን ገዝቼ ቢሆን ኖሮ 2 ሺህ ብር ብቻ ይተርፈኝ ነበር፤ ትራንስፎርመርም ቲዩብም አይገዛበትም።

በሰኔ ወር በወላጆች ቀን በአዳራሹ ተጫወትን። እውነቱን ለመናገር ከበሮው ሲበረታ የእኔ ትንሽ አምፕሊፋየር ብቻውን አልተሰማም። በፊቱ የትምህርት ቤቱን ማይክሮፎን ካቆምን በኋላ ግን እስከ መጨረሻው ወንበር ደረሰ። ትዝታን ስንጀምር እናቴን በሦስተኛው ረድፍ አየኋት። ከአጠገቧ ለተቀመጡት ሴት በጆሯቸው አንድ ነገር ነገረቻቸው። ማታ ምን እንዳለቻቸው ብጠይቃት፣ «ያ ሣጥን የእኔም ነው አልኋቸው» አለችኝ።

የኦቨርሎክ መኪናው በመስከረም ወር ተገዛ። 16 ሺውም፣ እኔ በክረምቱ ሕፃናት አስጠንቼ ያገኘሁትም በውስጡ አለበት። አሁን እርስዋ ስትዘመዝም እኔ በጓዳው ድምፄን ዝቅ አድርጌ እለማመዳለሁ፤ መኪናው ሲጮኽ ጥቂት ከፍ አደርጋለሁ፣ ሲያቆም ዝቅ አደርጋለሁ።

ውድ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ፤ ገንዘባችሁ ጥቂት ሲሆን በመጀመሪያ የምትፈልጉትን ቁጠሩ፤ ቀጥሎ በዐይናችሁ ሳይሆን በጆሯችሁ ምረጡ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስድስተኛውን አትርሱ።