ለስልክ የሚሰጥና የማይሰጥ ሥራ

ወፍጮ በመንደሩ በተተከለ ጊዜ መጁ ከእናቶቻችን እጅ ተለየ፤ ውኃ በቧንቧ በመጣ ጊዜም እንስራው ከጀርባቸው ወረደ። በዚህ ያዘነ ሰው መኖሩን አልሰማሁም፤ ቢኖርም ፈጭቶና ቀድቶ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። ስለዚህ፣ ወጣቶች ሆይ፣ ስለ ዘመኑ ስልክ ስጽፍላችሁ አዲስ ነገርን ሁሉ ለመንቀፍ የተነሣሁ ሽማግሌ አድርጋችሁ አትቁጠሩኝ። እኔ ራሴ ስልኬን ብዙ ሥራ አስተምሬዋለሁና።

ስልክን ሥራ ማስተማር ማለት ምን እንደ ሆነ አስቀድሜ ላስረዳ። ዛሬ በእጃችን የምንይዘው ስልክ አንድ ጊዜ የተሰጠውን ትእዛዝ ሳይነኩት በየጊዜው ሊፈጽም ይችላል። ትእዛዙም ሁለት ክፍል አለው፤ ፊተኛው «ይህ ሲሆን»፣ ኋለኛው «ይህን አድርግ» የሚል ነው። በአይፎን ላይ ይህን የሚያሠራው «ሾርትከትስ» የሚባለው መሣሪያ ሲሆን የወጣውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ነው። በማግሥቱ ዓመት ሳምሰንግ ይህን የመሰለ ነገር በስልኮቹ ላይ አወጣ፤ አንድሮይድ ስልክ ላላቸው ደግሞ ከሁለቱም አስቀድሞ «ታስከር» የሚባለው ነበረ፤ ዛሬም አለ።

የእኔ ስልክ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን ድምፁን ይዘጋል፤ ጠዋት 12 ሰዓት ሲሆን ይከፍታል። ከቤተ መጻሕፍቱ ደጅ ስደርስ ያለ ነጋሪ ዝም ይላል። ባትሪው ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ ብርሃኑን ይቀንሳል። እነዚህን ሥራዎች ስለ ተወልኝ አመሰግነዋለሁ እንጂ አልወቅሰውም።

ከዚህም በላይ እንዲህ ያለ መሣሪያ ለአእምሮ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ስልክ የታዘዘውን ይፈጽማል እንጂ የታሰበውን አያውቅም። የጎረቤቴ ልጅ ለፈተና ማልዶ ሊነሣ ፈልጎ በፈረንጅ ሰዓት በሚቈጥር ስልክ ላይ «አንድ ሰዓት» ብሎ ሞላ፤ ስልኩም ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ቤተሰቡን ሁሉ ቀሰቀሰ። የእድራችን ጸሐፊ ደግሞ የመዋጮውን ቀን «በየ30 ቀኑ አስታውሰኝ» ብሎ አዘዘ። ወራችን 30 ቀን ነውና ዓመቱን ሙሉ ትክክል ሆነ፤ ጳጉሜን በመጣች ጊዜ ግን የመስከረሙ ማስታወሻ 5 ቀን ቀድሞ ደረሰ። በሁለቱም ላይ ጥፋቱ የስልኩ አልነበረም። አዛዥ የሚሆን ሰው የሚፈልገውን ነገር ከነዝርዝሩ አስቦ መናገር እንዳለበት የሚያስተምር ከዚህ የተሻለ መምህር አላየሁም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ሁሉንም ሥራ ለስልክ መስጠት የሚገባ እንደ ሆነ መጠየቅ አለብን። ይህንም በአንድ ታሪክ ላስረዳችሁ።

የእኅቴ ልጅ በዋሽንግተን አጠገብ ይኖራል። የሌሊት ሥራ ይሠራል፤ የእናቱን የቤት ኪራይና የመድኃኒት ገንዘብ አንድ ወር እንኳ አጓድሎባት አያውቅም። ምስጉን ልጅ ነው። ጠዋት ጠዋትም «እንደምን አደርሽ እማዬ፤ ደኅና ነሽ ወይ?» የሚል አጭር መልእክት ይደርሳት ነበር። እኅቴ ይህን መልእክት ለጎረቤቶችዋ ሁሉ ታሳያለች፤ ሁልጊዜም «እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተስ?» ብላ ትመልሳለች። መልእክቱ የሚመጣው ልክ በ12 ሰዓት ነበር፤ በዚያ አገር ገና ከሌሊቱ 5 ሰዓት ሲሆን ማለት ነው።

በጥቅምት መጨረሻ እኅቴ «ልጄ ደክሞታል መሰለኝ፤ ሰላምታው አንድ ሰዓት እየዘገየ ነው» አለችኝ። አሜሪካኖች በመጸው ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ እንደሚመልሱ ስለማውቅ ነገሩ ገባኝ። ሰው ቢሆን አንድ ቀን ይቀድማል፣ አንድ ቀን ይዘገያል፤ ይህ ግን አንዲት ደቂቃ ሳያዛንፍ ከ12 ሰዓት ወደ 1 ሰዓት የተዛወረ ነው። ሰላምታውን የሚልከው ልጁ ሳይሆን ስልኩ ነበር። ለእኅቴ ግን ይህን ልነግራት አልወደድሁም።

በዚያው ክረምት ሳይገባ፣ በታኅሣሥ ወር፣ እኅቴ በኃይለኛ ትኩሳት ታመመች። ሦስት ቀን ሙሉ ከአልጋዋ አልተነሣችም፤ ስልኩን አንሥታ ለመመለስም አቅም አጣች። በሦስቱም ቀን ልክ በ1 ሰዓት «ደኅና ነሽ ወይ?» የሚለው መልእክት ከራስጌዋ ጮኸ። ጥያቄው በየቀኑ ተጠየቀ፤ መልሱ መቅረቱን ግን የተመለከተ አልነበረም። ልጁ የእናቱን መልስ የሚያነበው በእረፍት ቀኑ ብቻ ነበርና። ወደ ሐኪም ቤት የወሰደቻት ደጅዋ ሳይከፈት መዋሉን ያየች ጎረቤትዋ ናት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለው ለዚህ ነው።

እኅቴ ድና ከተነሣች በኋላ ለልጁ ደውዬ ሁሉንም ነገርሁት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያም «እንዳልረሳት ብዬ ነው ያደረግሁት፣ አጎቴ» አለኝ። አመንሁት፤ ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነበርና። ነገር ግን እንዳይረሳ ያደረገው ነገር ራሱ አስረሳው። ልጁም ስልኩን አልጣለውም፤ ትእዛዙን ለወጠው እንጂ። አሁን ሰዓቱ ሲደርስ ስልኩ ወደ እናቱ መልእክት አይልክም፤ እሱን ራሱን «ለእናትህ ደውል» ይለዋል። አንዳንድ ቀን በ12 ሰዓት፣ አንዳንድ ቀን በ3 ሰዓት ይደውላል፤ ሳይመቸው ቀርቶ የሚያሳልፈው ቀንም አለ። እኅቴ ግን «ድምፁን እየሰማሁ መታመሙንና መድከሙን አውቃለሁ» ትላለች።

እንግዲህ ለስልክ የሚሰጠውን ሥራ ከማይሰጠው የምንለይበት አንድ ቀላል መመዘኛ አለ። ሥራውን የሚቀበለው ሰው የሠራው መሣሪያ መሆኑን ቢያውቅ ያዝናልን? ብላችሁ ጠይቁ። የመብራት ሒሳብ በቴሌብር ቢከፈል፣ ገንዘቡ ይድረስ እንጂ ተሰልፋችሁ አልከፈላችሁም ብሎ የሚያዝን መሥሪያ ቤት የለም። የታመመውን መጠየቅ፣ ያዘነውን ማጽናናት፣ የበደሉትን ይቅርታ መለመን፣ የወለዱትን እንደምን አደራችሁ ማለት ግን ዋጋቸው በመፈጸማቸው ብቻ አይደለም፤ እናንተ በመፈጸማችሁ ነው። በእነዚህ ላይ ስልኩ አስታዋሽ ይሁን እንጂ ተወካይ አይሁን።

ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። መሣሪያ ከእያንዳንዱ ቀናችን ጥቂት ደቂቃ ያተርፍልናል። የተረፈውን ደቂቃ መልሰን በዚያው ስልክ ላይ የማናውቃቸውን ሰዎች ስንመለከት የምናጠፋው ከሆነ ትርፉ የት አለ? ከመጁ ያረፉት እናቶቻችን ባተረፉት ጊዜ ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ላኩ፤ እኔም ፊደል የቈጠርሁት በዚያ ትርፍ ነው። እናንተም ስልካችሁን ጎበዝ ሎሌ አድርጋችሁ አሠልጥኑት፤ ያተረፈላችሁን ጊዜ ግን ድምፃችሁን ለሚጠብቅ ሰው ስጡ።