ሳምናስና አቶ በረከት

አራት ኪሎ ስንል ብዙ ጊዜ ሰፈሩን ማለታችን አይደለም። "አራት ኪሎ ገባ"፣ "ከአራት ኪሎ ወጣ" ስንባባል የምናወራው ስለ ሥልጣን ነው። ቤተ መንግሥቱ፣ ፓርላማው፣ ጋዜጣው የሚታተምበት ብርሃንና ሰላም፣ ሁሉም እዚያው በእግር ይደረስባቸዋል። ከዚያ ሰፈር ለአገር ሲነገር ከነበረው ብዙው ደግሞ ለዓመታት ያለፈው በአንድ ሰው አንደበት ነው፤ በአቶ በረከት ስምዖን።

ጎንደር ሲወለዱ የወጣላቸው ስም መብራህቱ ነበር። በረከት የትግል ስማቸው ነው። ከኢሕዴን ታጋዮች አንዱ ነበሩ፤ ከድሉ በኋላ የማስታወቂያ ሚኒስትር፣ ቆይተውም የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ሚኒስትር ሆኑ። በ1997 ምርጫ ወቅት ስለ ኢሕአዴግ ይናገሩ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ከምርጫው በኋላ በተነሣው ግጭት 193 ሲቪሎች እንደተገደሉ አጣሪ ኮሚሽኑ ቆጥሯል። በ2004 ክረምት አቶ መለስ ከሕዝብ ዓይን ሲጠፉም "ደህና ናቸው፣ እያገገሙ ነው" ይሉን የነበሩት እሳቸው ነበሩ። ነሐሴ 15 ቀን ማለዳ ቴሌቪዥኑ የአቶ መለስን ሞት ተናገረ።

ከዚያ መውረዱ መጣ። ጥቅምት 2010 ከሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ። በቀጣዩ ክረምት ፓርቲያቸው ከማዕከላዊ ኮሚቴ አገዳቸው። በዚያው ክረምት ደብረ ማርቆስ ላይ "በረከት እዚህ ሆቴል አርፏል" የሚል ወሬ ተነዛና ሕዝቡ ሆቴሉን ሰባበረ፣ መኪና አቃጠለ። ሰውየው ግን እዚያ አልነበሩም። (መንግሥት ሲዋሽ የምንቆጣውን ያህል ወሬ ሲዋሽ ብንቆጣ ኖሮ እላለሁ።) ጥር 2011 ተይዘው ከጥረት ኮርፖሬት ጋር በተያያዘ የሙስና ክስ ባሕር ዳር ፍርድ ቤት ቆሙ። ክሱን አልተቀበሉም። አገር ሁሉ ሲሰማቸው የኖሩት ሰው ስለ እሳቸው የሚናገር ጠበቃ ማግኘት እንደቸገራቸው ለችሎቱ ተናገሩ። ሚያዝያ 2012 ስድስት ዓመት ተፈረደባቸው፤ በ2014 ከእስር ወጡ።

የተያዙ ሰሞን በቤት ኅብረታችን አንድ ወንድም "እግዚአብሔር ይመስገን፣ የእጁን አገኘ" አለ። ሌሎችም አሜን አሉ። አንዲት እናት ግን ዝም አሉ። በ1998 ልጃቸው ከብዙ ወጣቶች ጋር ታፍሶ፣ የት እንዳለ ሳያውቁ ሳምንታት የቆዩ ሴት ናቸው። ከሁላችንም ይልቅ እልል ማለት የሚገባቸው እሳቸው ነበሩ። የጸሎት ርእስ ስንሰበስብ ግን "የዚያን ሰውዬ ስም ጻፉልኝ" አሉ። ገርሞን ስናያቸው፣ "አልወደውም፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ግን እስር ቤት በር ላይ ምግብ ይዞ መቆም ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አሁን ሚስቱ ናት የምትቆመው" አሉ።

ያን ምሽት ቤቴ ገብቼ ኢሳይያስ 22ን አነበብኩ። ሳምናስ በንጉሥ ሕዝቅያስ ቤት ላይ የተሾመ ሹም ነበር። መቃብሩን እንኳ በከፍታ ላይ ያስወቅር ነበርና ኢሳይያስ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ እንደሚወረወር፣ ሹመቱም ለኤልያቄም እንደሚሰጥ ነገረው። እዚህ ድረስ ብዙ ስብከት ሰምተናል። ምዕራፉ ግን ለተተኪውም አይራራም፤ ኤልያቄምን በጽኑ ስፍራ የተተከለ ችንካር ካለው በኋላ፣ ችንካሩም ከተንጠለጠለበት ሸክም ጋር የሚወድቅበትን ቀን ይናገራል። ሹም በተለወጠ ቁጥር "አሁንስ የእኛ ሰው ገባ" ለምንል ለእኛ ይህ ክፍል በጥቂቱ ነው የሚሰበክልን።

ከዚያ ምዕራፍ 36 እና 37ን ስታነቡ ሳምናስ እንደገና ብቅ ይላል። ብዙ ተርጓሚዎች ያው ሰው ነው ይላሉ። አሁን የቤቱ አዛዥ ኤልያቄም ነው፤ ሳምናስ ጸሐፊ ብቻ ነው። የአሦር ሠራዊት ከተማይቱን ከብቧል። ንጉሡ ማቅ አልብሶ የላካቸው መልእክተኞች ጸሎት ሊለምኑ ወደ ኢሳይያስ ሲሄዱ አንዱ ሳምናስ ነው፤ ያን ከባድ ፍርድ ፊት ለፊት በነገረው ነቢይ ደጅ፣ በሥልጣን ልብስ ፋንታ ማቅ ለብሶ ቆመ። ኢሳይያስ "አላልኩህም ነበር?" አላለውም። አትፍሩ የሚለውን የጌታን ቃል ለሳምናስም ሰጥቶ ነው የላካቸው።

የእኚያ እናት የጸሎት ደብተር ላይ ስሙ እስከ ዛሬ አለ። "መብራህቱ" ብለው ነው ያጻፉት፤ እናቱ ያወጡለትን።