አሸንፎ ወደ ሥራው የተመለሰው ሰው

ስኬት ሲባል ቀድሞ ወደ አእምሯችሁ የሚመጣው ምንድን ነው? ዋንጫ? የሥራ እድገት? የሚጨበጨብለት ስም? እኔ በተሰማራሁበት የማርኬቲንግ ሙያ ያልታየ ነገር እንዳልተሠራ ይቆጠራል። የአሜሪካዊው የጎልፍ ተጫዋች የክላውድ ሃርመን ታሪክ የሚያስገርመኝም ለዚህ ነው።

ሃርመን እ.ኤ.አ. ከ1945 እስከ 1978 በኒውዮርክ ግዛት በሚገኘው ዊንግድ ፉት ክለብ ዋና ባለሙያ ነበር። የክለብ ባለሙያ ኑሮው እንደ ኮከብ ተጫዋቾች ከውድድር ውድድር መዞር አይደለም። አባላትን ያስተምራል፤ ዱላና ኳስ የሚሸጥበትን ሱቅ ይመራል፤ የክለቡን ጨዋታዎች ያዘጋጃል። በ1948 ግን ይህ አስተማሪ ከጎልፍ ታላላቅ ውድድሮች አንዱ የሆነውን ማስተርስን አሸነፈ። በጎልፍ ትንሽ የመታ ነው አሸናፊው፤ እሱ በ279 ምት ጨርሶ ተከታዩን በአምስት ምት በለጠ። ሽልማቱ 2,500 ዶላር ነበር። ከዚያም ወደ ክለቡ ተመልሶ ማስተማሩን ቀጠለ።

«ዕድሉን አባከነ» የሚል አይጠፋም። እስቲ ቀጥሎ የሆነውን ተመልከቱ። በረዳትነት አብረውት ከሠሩት መካከል ጃክ በርክ በ1956 ማስተርስንና የፒጂኤ ሻምፒዮናን፣ ዲክ ሜየር በ1957 የአሜሪካ ኦፕንን፣ ዴቭ ማር በ1965 የፒጂኤ ሻምፒዮናን አሸነፉ። ራሱ ሃርመንም ቢሆን እጁ አልዛገም፤ በ1959 የአሜሪካ ኦፕን በዚያው በክለቡ ሜዳ ሲካሄድ፣ በ42 ዓመቱ ከአሸናፊው በሁለት ምት ብቻ ተበልጦ ሦስተኛነትን ተጋራ።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ የቤቱ ነገር ነው። አራቱም ወንዶች ልጆቹ ጎልፍ አስተማሪ ሆኑ። ታይገር ዉድስን ለዓመታት ያሠለጠነው ቡች ሃርመን የእሱ ልጅ ነው። ሌላው ልጁ ክሬግ በአንድ ክለብ ብቻ ከ40 ዓመት በላይ አገልግሏል። ሙያን በየቀኑ ሲያከብር የታየ አባት ለልጆቹ የሚተወው እንዲህ ያለውን ነው።

እድገት አትፈልጉ እያልኩ አይደለም፤ የቤት ኪራይም የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያም አለ። ነገር ግን የሥራ ዘመናችሁን ስትመዝኑ የያዛችሁትን ወንበር ብቻ አትቁጠሩ። ከእናንተ ሥራ ተምሮ ዛሬ በራሱ የቆመውንም ሰው ቁጠሩት።