ድረ ገጹን ማን ያድሰዋል?

ዛሬ ከሰዓት አንዲት የሀበሻ ልብስ ዲዛይነር ወዳጄ ደውላ "ድረ ገጽ ላሠራ ነው፤ ዎርድፕረስ ይሻላል ዊክስ?" አለችኝ።

"ሠሪው ጨርሶ ሲሄድ አዲስ ፎቶና ዋጋ የሚያስገባው ማነው?" ብዬ መልሼ ጠየቅኳት።

ዝም አለች።

ለእኔ ምርጫው ከዚህ ነው የሚጀምረው።

ዊክስ ቀላል ነው። ሰርቨሩንም አፕዴቱንም ድርጅቱ ራሱ ይይዝላታል። ነገ ልውጣ ብትል ግን ድረ ገጹን እንዳለ ይዛ ወደ ሌላ ሰርቨር መሄድ አትችልም። የኪራይ ቤት ነው፤ የቱንም ያህል ቢያምር ሲለቁት እዚያው ይቀራል።

ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. በ2003 ለብሎግ ተብሎ የተጀመረ ነው፤ ዛሬ ሱቅም ጋዜጣም ይሠራበታል። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ፋይሉንና ዳታቤዙን ገልብጣ የፈለገችበት ትወስደዋለች። ጣጣው ሌላ ነው፦ ፕለጊኖቹ (አዲስ አገልግሎት የሚጨምሩለት ቅጥያዎች) ሁልጊዜ አፕዴት መደረግ አለባቸው። ሰርጎ ገቦች የሚፈልጉት ያረጀና የተረሳ ፕለጊን ነው።

ሌላውን የድረ ገጽ መሥሪያ፣ ድሩፓልንም አንሥታልኝ ነበር። ብዙ ክፍልና ብዙ አዘጋጅ ላለው ተቋም እወደዋለሁ። ለእሷ ሱቅ ግን ይከብዳል።

(ምንም ብትመርጡ፣ ዶሜይኑ፣ ማለትም የድረ ገጹ አድራሻ፣ በራሳችሁ ስም ይመዝገብ። በሠሪው ስም አይሁን፤ እባካችሁ!)

እኔ ወደ ዎርድፕረስ አደላሁ፤ ፕለጊን ሳይበዛበት፣ በቋሚነት የሚከታተልላት ሰው ተይዞለት።

እናንተስ? ድረ ገጻችሁን በምን ሠራችሁት? ዋጋ ሲቀየር ራሳችሁ ገብታችሁ ታስተካክላላችሁ ወይስ ለሠሪው ትደውላላችሁ?