ኢንተርኔቱ ጓዳም ይድረስ

በቤታችሁ ዋይፋዩ ደኅና የሚሠራው የት ነው? ብዙዎቻችሁ «ሳሎን» እንደምትሉ አልጠራጠርም። ራውተሩ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል፤ ሶፋው ላይ ያለ ሰው እንደ ልቡ ይጠቀማል። ማድ ቤት ወጥ የምትሠራው እናትና በጓሮ በኩል ባለው ክፍል ጥናት የያዘችው ልጅ ግን፣ ወርኃዊው ሂሳብ ከቤተ ሰቡ ገቢ የሚከፈል ሆኖ ሳለ፣ ድርሻቸው አይደርሳቸውም።

ከጉለሌ የእጽዋት ማዕከል በታች ባለው ሰፈራችን ይህ ችግር በርትቶ ይታያል። ከአሮጌዎቹ ቤቶች አንዳንዶቹ፣ የእኛም ጭምር፣ በድንጋይና በጭቃ የተሠሩ ናቸው። የቤታችን ግድግዳ ውፍረት ከአንድ ክንድ ይበልጣል። የእንጦጦን ብርድና የመንገዱን ጫጫታ ያስቀርልናል፤ ዋይፋዩንም እንደዚያው ያስቀረዋል። ከእኛ ጋር የምትኖረው የእህቴ ልጅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሌሊት ኔትወርክ ፍለጋ ነጠላ ደርባ በሳሎኑ ደፍ ላይ ስትቀመጥ ማየት አንጀት ይበላል። በ2016 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ ከፊሎቹ ብሔራዊውን ፈተና በኮምፒዩተር የወሰዱ መሆናቸውን ስናስብ፣ ነገሩ የቅንጦት ጉዳይ አለመሆኑ ግልጽ ነው።

የችግሩን ምክንያት ለመረዳት ማዕከሉ ራሱ ጥሩ አስተማሪ ነው። 705 ሄክታር በሚሸፍነው በዚህ ደናማ ስፍራ አንድ እሑድ ስንዘዋወር፣ ገላጣው ከፍታ ላይ ደኅና የነበረው የስልካችን ኔትወርክ ዛፍ ወደ በዛበት ሸለቆ ስንወርድ ደከመ። ኮረብታው የራዲዮ ሞገድን ይጋርዳል፤ በቅጠል ውስጥ ያለው ውኃም ሞገዱን ይውጠዋል። በክረምት እርጥበት የጠጣ የጭቃ ግድግዳም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ብረትና መስተዋት ደግሞ ሞገዱን መልሰው ያንጸባርቁታል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ራውተሩን ከቤቱ ማዕዘን አንሥቶ ወደ መካከል፣ በሮች ወደሚገናኙበት ቦታ፣ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ከፍሪጅ፣ ከብረት ቁም ሣጥንና ከትልቅ መስተዋት ይራቅ። ሁለት ዓይነት ሞገድ ያለው ራውተር ከሆነ፣ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል፤ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ፍጥነቱ ቢያንስም ግድግዳ በማለፍ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ሞገዱን ተቀብሎ የሚያስተላልፈውን ሪፒተር የምትገዙ ከሆነ፣ ኔትወርክ በሌለበት ክፍል ውስጥ አትሰኩት። ያልደረሰውን ከየት አምጥቶ ያስተላልፋል? ኔትወርኩ ገና ደኅና በሆነበት መሐል ቦታ ይሰካ። ሆኖም አብዛኛው ሪፒተር በአንድ ሞገድ ስለሚቀበልና ስለሚሰጥ፣ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ሊቀንሰው ይችላል።

ሦስተኛውና ለወፍራም ግድግዳ አስተማማኙ መንገድ ኬብል ነው። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ይሠራል። ከራውተሩ ተነሥቶ በኮርኒስ ላይ ወይም በበር ሥር አልፎ፣ በጓሮው ክፍል ዋይፋይ ከሚያሠራጭ ሌላ መሣሪያ ጋር ይገናኛል። የድንጋይና የጭቃ ግድግዳን ባይበሱት ይመረጣል፤ ጭቃው መርገፍ ከጀመረ ዳፋው ብዙ ነው።

በእኛ ቤት ባለቤቴ «ቴሌቪዥኑስ?» ብሎ መጠየቁ አልቀረም። እኔም፣ ቴሌቪዥኑ ባለበት ይሆናል፣ ልጅቷ ግን በብርድ መቀመጥ የለባትም ስል መለስኩለት። ተመካክረን ኬብሉን በኮርኒስ አሳለፍነው። ዛሬ ልጅቷ በክፍሏ ታጠናለች፤ አማቴም ከማድ ቤት ሳይወጡ በውጭ አገር ካለችው ልጃቸው ጋር እየተያዩ ያወጋሉ።

እንግዲህ እናቶችና እኅቶች፣ ዛሬ ማታ ስልካችሁን ይዛችሁ በየክፍሉ ዙሩ። ኔትወርኩ የት እንደሚቋረጥ እዩ፤ በዚያ ክፍል ውሎ የሚያድረው ማን እንደሆነም ልብ በሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ኬብሉ ከባለቤታችሁ ጋር ተነጋገሩ።